ስድስት ጎን ያለው መሬት

ሥራ የጀመርኩት ጉርድ ሾላ፣ ከታች የሴራሚክ ሱቅ ያለበት ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በራችን ላይ "የታይል ዲዛይን" የሚል ወረቀት ተለጥፎ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት፣ ቦርሳዬን ገና ሳላስቀምጥ አንድ ሰውዬ ገባና "ለመታጠቢያ ቤት የሚሆን፣ የማያንሸራትት አላችሁ?" ብሎ ጠየቀኝ። እኔ መልስ ስፈልግ ከጥግ በኩል አንድ ድምፅ "ታች ነው ጌታዬ፤ የኛ አይረገጥም" አለው።

ድምፁ የጋሽ ወርቁ ነበር። ጋሽ ወርቁ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጡረታ የወጡ የካርታ ሠዓሊ ናቸው። የሥራ ዘመናቸውን ሙሉ የተራራ ጥላ ሲሠሩ ኖረዋል፤ ካርታ ላይ ተራራው ከወረቀቱ ብድግ ያለ እንዲመስል የሚያደርገውን ግራጫ ጥላ። ኮምፒውተር ላይ መሣል የለመዱት ከጡረታ በኋላ ነው። በቢሯችን የሥዕል ክፍሉ ኃላፊ እሳቸው ነበሩ። እሳቸው "ይለፍ" ሳይሉት ምንም ሥዕል ለደንበኛ አይላክም።

ከሳቸው ሌላ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ባለቤቱ ናትናኤል፣ ሁላችንም ናቲ የምንለው፣ ከኔ ጋር አንድ ቸርች ነው የሚያመልከው። ለኳየራችን የሠራሁትን ፖስተር አይቶ ነው ባነርና የሠርግ ካርድ ከምሠራበት ማተሚያ ቤት ያስወጣኝ። ከድር ደግሞ ፕሮግራመራችን ነው። መገናኛ የአባቱ ሱቅ ውስጥ ዕቃ እየሸጠ የተማረ፣ ቀልድ የማይችል፣ ግን መቀለድ የሚወድ ሰው ነበር።

ናቲ ሥራውን እንዲህ ብሎ አስረዳኝ። "ደንበኞቻችን ውጭ አገር ናቸው። የስትራቴጂ ጌም እየሠሩ ነው። ተጫዋቹ ጦሩን ካርታ ላይ ያንቀሳቅሳል። ካርታው ስድስት ጎን ባላቸው ቁራጮች የተሞላ ነው። አንዱ ቁራጭ ሣር ነው፣ አንዱ ደን፣ አንዱ ውሃ፣ አሸዋ ወይም አለት። እኛ ታይል የሚባሉትን እነዚህን ቁራጮች እንሥላለን፤ የሚገጣጥማቸው ኮምፒውተሩ ነው።"

"የትኛው ከየትኛው አጠገብ እንደሚውል አናውቅም ማለት ነው?"

"አናውቅም። ሁሉም ከሁሉም ጋር መግጠም አለበት።"

ቀላል መሰለኝ። ጋሽ ወርቁ አጠገባቸው አስቀመጡኝና አንድ ቁራጭ ሣር እንድሥል አዘዙኝ። እስከ ምሳ ድረስ ሣልኩ። አንዷን ጥግ ትንሽ አደመቅኳት፤ ሕይወት እንዲኖራት ብዬ። ጨርሼ ስሰጣቸው ያንኑ ቁራጭ እያባዙ ስክሪኑን ሞሉት።

"ምን ይታይሻል፣ ሰላም?" አሉኝ።

"ሣር።"

"ለኔ ምንጣፍ ነው የሚታየኝ።"

እውነታቸውን ነው። ያቺ ያደመቅኳት ጥግ በየቁራጩ እየተደገመች እንደ ጥልፍ ተሰልፋለች። ታይል ላይ ዓይን የሚስብ ነገር አይደረግም። የመጀመሪያው ትምህርቴ እሱ ነው።

ሁለተኛው ጠርዝ ነበር። ሣር ከሣር ጋር ሲገናኝ ችግር የለም። ሣር ከውሃ፣ ውሃ ከአሸዋ፣ አሸዋ ከአለት ሲገናኝ ግን መስመሩ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል። ናቲ ሁሉንም ዓይነት ግንኙነት አንድ በአንድ እንድንሥል ፈልጎ ነበር። ከድር ወረቀት ላይ ደምሮ ሲያሳየው ናቲ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው፤ ዕድሜ ልካችንን አንጨርሰውም ነበር።

መፍትሔውን ያመጣው ከድር ነው። "ማዕረግ እንስጣቸው" አለ። "ውሃ ተራ ወታደር ነው። አሸዋ አስር አለቃ፣ ሣር ሃምሳ አለቃ፣ ደን መቶ አለቃ፣ አለት ሻምበል። ሁለት ሲገናኙ ባለ ከፍተኛው ማዕረግ ጠርዙን አልፎ በዝቅተኛው ላይ ይፈሳል። ዝቅተኛው ዝም ይላል።" በዚህ ዘዴ ለእያንዳንዱ ዓይነት መሬት የሚፈሰውን ጠርዝ ብቻ መሣል በቂ ሆነ። እኔ ሣርና አሸዋ ያዝኩ፤ ጋሽ ወርቁ ደን፣ አለትና ውሃ ያዙ።

አንዱን ጠርዝ ሠርቼ ስሰጠው ከድር እያዞረ በስድስቱም ጎን ይለጥፈው ነበር። ለሣር ሠራ። ለአለትም እንዲሁ አደረገና ጋሽ ወርቁን ጠራቸው። አዩትና ሳቁ።

"ይሄ አገር ስንት ፀሐይ ነው ያለው?"

የአለቱ ገደል ሲዞር ጥላውም አብሮ ዞሯል፤ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች፣ አንዱ ወደ ጎን። ካርታ ላይ ብርሃን የሚመጣው ከግራ ከላይ በኩል ነው፤ ሌላ ከሆነ ሸለቆው ኮረብታ ይመስላል። ስለዚህ ከፍታ ያለው ነገር ሁሉ ለእያንዳንዱ ጎን ለብቻው በእጅ ተሣለ። ብዙ ጊዜ ወሰደብን፤ ቅር ግን አላለንም።

ጊዜው የባቡሩ መስመር የሚቆፈርበት ነበር። መንገዱ ተዘጋግቶ፣ መስኮት ከከፈትን አቧራው የሥዕል ታብሌታችን ላይ ይነጠፋል። መብራት ሲጠፋ ዩፒኤሱ ይጮሃል፣ እኛም ሥራችንን ሴቭ አድርገን ደረጃው ላይ እንቀመጣለን። አንድ ቀን ከክፍለ ከተማው የመጡ ሰዎች "ምን ታመርታላችሁ?" ብለው ጠየቁን። ናቲ "መሬት" ብሎ መለሰ። ሰዎቹ ተያዩ። መሬት በዚያን ጊዜ የሚቀለድበት ነገር አልነበረም። ጋሽ ወርቁ ሥዕሉን አሳይተው፣ ሻይ አስጠጥተው ሸኟቸው።

የመጀመሪያውን ሥራ ልከን መልስ መጣ። ናቲ ቆሞ አነበበልን። "ካርታው የማር እንጀራ ይመስላል፤ ቁራጮቹ ይታያሉ። ደኑ ደግሞ ዳር ዳሩን ጭጋግ የወረደበት ነው የሚመስለው።" ይህን ያደረግነው አውቀን ነበር። ጠርዙን ቀስ በቀስ አሳስተን፣ አደብዝዘን ነበር የጨረስነው። ማዋሐድ ማለት ማደብዘዝ መስሎን ነበር።

ጋሽ ወርቁ "ቢሮ ተቀምጠን አይሆንም፤ ደን እንይ" አሉ። በማግስቱ በናቲ አሮጌ መኪና ወደ እንጦጦ ማርያም ወጣን። ዳገቱ ላይ መኪናዋ እምቢ አለችና እኔና ከድር ወርደን በእግር ተከተልናት። ከላይ ቀዝቅዟል። ባሕር ዛፉ ከአስፋልቱ ግራና ቀኝ ቆሟል።

ጋሽ ወርቁ ደኑ የሚያልቅበት ቦታ ወሰዱኝ። "የት ጋ ነው የሚያልቀው? አሳዪኝ።"

ማሳየት አቃተኝ። መጀመሪያ ዛፎቹ ጥቅጥቅ ያሉ ናቸው። ከዚያ የተቆረጠ ጉቶ ላይ ያቆጠቆጠ አለ። ከዚያ ሦስት ዛፍ አንድ ላይ፣ ከዚያ ሣር፣ ከዚያ ብቻውን የቀረ አንድ ዛፍ። ሣሩ ላይ ደግሞ ቅጠል ወድቋል።

"ደን እየደበዘዘ አያልቅም" አሉኝ። "እየሳሳ ነው የሚያልቀው። እያንዳንዱ ዛፍ እስከ መጨረሻው ድረስ ሙሉ ዛፍ ነው።"

ፎቶ አነሳሁ፤ ብዙ። እሳቸው እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ፀሐይዋን ይከላከላሉ። ብርሃኑ በጣም አስቸግሯቸው ነበር። ናቲ መኪናዋን ወደኛ አምጥቶ የት እንደሚያቆማት ሲያመነታ "ያንን አረንጓዴ ካፖርት የለበሰውን ዘበኛ ጠይቂው" አሉኝ።

ዞር ብዬ ፈለግኩ። አጥሩ ጋ የቆመው አንድ ሰው ብቻ ነው። ካፖርቱ ሰማያዊ ነው። ደብዛዛ አይደለም፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የሚመስል ሰማያዊ። ሄጄ ጠየቅኩትና ተመለስኩ።  እንዲያው አፋቸውን ስቷቸው ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

ቢሮ ተመልሰን ሁሉንም ጠርዝ አፍርሰን ሠራነው። ማደብዘዙን ትተን መበተን ጀመርን፤ ሣሩ በጭብጥ በጭብጥ ወደ አሸዋው ይገባል፣ ደኑ ሁለት ሦስት ዛፍ ወደ ሣሩ ይልካል። ተጫዋቹ ግን የትኛው ቁራጭ ደን እንደሆነ በአንድ እይታ ማወቅ አለበት፤ ደን ውስጥ ጦር ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ስለዚህ የምንበትነው በልክ ነው፤ መሀሉ ሁልጊዜ የራሱ ነው።

በዚህ መሀል ጋሽ ወርቁ ሣሬን ደጋግመው መለሱብኝ። "ቢጫ ሆነብሽ፤ ትንሽ ሰማያዊ ጨምሪበት።" እጨምራለሁ። ሌላ ቀን ደግሞ ይሉኛል። ከድር በኋላዬ ሲያልፍ ስክሪኑን አይቶ "ሣርሽ ታመመ እንዴ?" አለኝ። የሳቸው ደንና አለት ደግሞ ከኔም የባሰ ሰማያዊ ነበር። ሩቅ ያለ ተራራ ሰማያዊ ይመስላል፤ የካርታ ሰው ስለሆኑ አውቀው ያደረጉት ነው የመሰለኝ።

ሁለተኛው መልስ ከመጀመሪያው የባሰ ሆነ። ጠርዙ ጥሩ ነው፤ ቀለሙ ግን የሁለት አገር ነው። ደኑና አለቱ ጨረቃ የወጣችበት ይመስላሉ፣ አሸዋው ቀትር ላይ ነው። ደንበኛው ከእንግዲህ አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚያይልን፣ ካልሆነ ሥራውን ለሌላ እንደሚሰጥ ጽፏል። ሌላ ሥራ አልነበረንም።

ናቲ ስክሪኑን ጠረጠረ። የጋሽ ወርቁን ስክሪን ከኔ ጋር ቀየረው። እኔ በሳቸው ስክሪን ሠራሁ፤ ቀለሜ እንደነበረው ነው። እሳቸው በኔ ስክሪን ሠሩ፤ ደኑ አሁንም ሰማያዊ ነው። ችግሩ ስክሪኑ እንዳልሆነ ለሦስታችንም ገባን። 

ከድር የሳቸውን ፋይል ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚያስተካክል ፕሮግራም ጻፈ። ደኑን አስተካከለው፤ ውሃውን ግን ጭቃ አደረገው። ምክንያቱም ስህተቱ በሁሉም ቦታ እኩል አልነበረም።

ጋሽ ወርቁ ምንጊዜም የማይለያቸውን ኮፍያ አጥልቀው ለምሳ ሲወጡ ናቲ በሩን ዘጋው። "ዓይናቸው ነው" አለ። "እኔ በሳቸው ጨክኜ አይደለም፤ ግን ሥራው ከሄደ አራታችንም እንበተናለን። እረፍት ቢወስዱ ይሻላል።"

"እረፍት ማለት ይሰናበቱ ማለት ነው?" አለው ከድር።



"መጀመሪያ ይወቁት" አልኩ። "እኔ እነግራቸዋለሁ።"

ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ሆን ብለው ወጡልን። ሁለት ምስል፣ የሳቸውን ደንና የእንጦጦን ፎቶ፣ ጎን ለጎን ከፈትኩ።

"ጋሼ፣ ቀለማቸው አንድ ይመስልዎታል?"

ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። "አንድ ነው። እንዲያውም በደንብ ገጥሟል።"

"ለኔ አይገጥምም። የርስዎ ወደ ሰማያዊ ያደላል።"

"ያንቺ ዓይን ነው ቢጫ የለመደው።"

"እንጦጦ ያየነው ዘበኛ ካፖርቱ ሰማያዊ ነበር፣ ጋሼ። አረንጓዴ አልነበረም።"

መነጽራቸውን አውልቀው በመሐረብ ጠረጉት። ብዙ ጠረጉት። "ናቲ ያውቃል?"

"ያውቃል።"

"ከድርስ?"

"ሁላችንም እናውቃለን።"

ፋይሉን ሴቭ አደረጉ፣ ታብሌቱን በጨርቁ ሸፈኑት፣ ኮፍያቸውን አንስተው ሄዱ። ደረጃውን ሲወርዱ በግድግዳው እየተደገፉ እንደሚወርዱ ያን ጊዜ ነው ልብ ያልኩት።

በማግስቱ አልመጡም። ስልካቸውም አይነሳም። ሥራ ስጨርስ ታክሲ ይዤ ወደ ቤታቸው ሄድኩ፤ ከሲ.ኤም.ሲ አለፍ ብሎ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስናቀች በሩን ከፈቱልኝ። "እረፍት ሰጡኝ ብሎኛል፤ እናንተም ዕረፍት ላይ አይደላችሁም እንዴ ልጄ?" አሉኝ።  ጋሽ ወርቁ ከውስጥ "አስገቢያት፤ እኔ እናገራለሁ" አሉ።

ሳሎን ተቀምጠን ለሚስታቸው በኔ ፊት ነገሯቸው። ሐኪም ቤት ሄደው ነበር፤ ድሮ ነው። የዓይን ሞራ ነው ተብለዋል፤ መገፈፍ አለበት። ነገር ግን ትልቅ ወንድማቸው ክፍለ ሀገር ለዚሁ ነገር ታክመው አንድ ዓይናቸው ጠፍቷል። "ሁለት ዓይን ይዞ ሄዶ በአንድ ተመለሰ። እኔ እንጀራዬ ዓይኔ ነው። ደብዘዝ ብሎም ቢሆን ያያል ብዬ ተውኩት። መደብዘዙን አውቅ ነበር። ቀለም ይለውጣል ብሎ የነገረኝ ሰው የለም።"

ወይዘሮ አስናቀች "ለዚህ ነው እንዴ ሰማያዊ ሸሚዝ ሳቀርብልህ 'አረንጓዴውን ማን አወጣው' የምትለኝ?" አሏቸው። ጋሽ ወርቁ ሊስቁ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ሚስታቸው እጃቸውን ያዙ።

ስወጣ በር ድረስ ሸኙኝ። "ናቲ ያሰናብተኛል?"

"አልወሰነም።"

"ደግ አደረግሽ፣ እውነቱን ስለነገርሽኝ።"

በነጋታው ከሁላችንም ቀድመው ቢሮ ተገኙ። ናቲ ሲገባ ቆመው ጠበቁት። "ናትናኤል፣ ቀለም በትክክል አይታየኝም። ብርሃንና ጥላ ይታየኛል። ከዚህ የሚጠቅምህ ካለ ንገረኝ፤ ከሌለ ዕቃዬን ልሰብስብ።"

ናቲ ቦርሳውን እንደያዘ ቆመ። ያዘጋጀው ንግግር እንደነበረ ፊቱ ላይ ያስታውቃል። ከዚያ "ጋሼ፣ ካርታ ሲሠሩ በምን ቀለም ነበር የሚሠሩት?" አላቸው።

"በግራጫ። ቀለሙን ሌላ ክፍል ነው የሚጨምረው።"

"እንግዲያው እንደሱ ይሥሩ። ቀለሙን ሰላም ትጨምራለች።"

እንደሱ ሆነ። ጋሽ ወርቁ ሁሉንም መሬት፣ የኔንም ሣርና አሸዋ ጨምሮ፣ በግራጫ ብቻ እንደ አዲስ ሣሉት። እኔ በላዩ ላይ የቀለም ሌየር አነጥፋለሁ። ያልጠበቅነው ነገር አገኘን። በግራጫ ሲታይ የማይገጥም ጠርዝ ሁሉ ተጋልጦ ይወጣል፤ ቀለም ሸፍኖልን የነበረ ብዙ ጉድ ነበር። በግራጫ የገጠመ መሬት ቀለም ሲጨመርበትም ይገጥማል። እስከ ዛሬ የምሠራው በዚህ ዘዴ ነው።

ሦስተኛውን ላክን። መልሱ የመጣ ቀን መብራት ጠፍቶ ነበርና ናቲ ከስልኩ ላይ አነበበው። "አሁን መሬት ሆነ" ይላል። አሸዋው ላይ ትንሽ እርማት ነበረበት። ከድር ናቲን አንስቶ ሊሸከመው ሞክሮ ወገቡን ያዘው። ጋሽ ወርቁ ወንበራቸው ላይ ሆነው "ስለ አሸዋው ያለው እውነቱን ነው" አሉ።

ሥራው ከተረጋጋ በኋላ ለቀዶ ሕክምናው እሺ አሉ። አሳመንኳቸው አልልም፤ ያሳመኗቸው ሚስታቸው ናቸው። ናቲ በመኪናው ወሰዳቸው። እኔና ወይዘሮ አስናቀች ኮሪደር ላይ ተቀመጥን። ስለ ዓይን አላወራንም፤ ስለ ልጆቻቸው ሲያወሩልኝ ዋሉ። ሲወጡ አንድ ዓይናቸው ታሽጓል። ፋሻው የተፈታ ዕለት ነርሷ "ምን ይታይዎታል?" ስትላቸው የሚስታቸውን ነጠላ ጥለት ቀለም በየተራ ጠሩላት። ወይዘሮ አስናቀች እዚያው ቆመው አለቀሱ።

ቢሮ ሲመለሱ መጀመሪያ የጠየቁኝ የተመለሰብንን ሥራ ነው። "ያንን ሰማያዊውን ደን ክፈቺልኝ።" ከፈትኩላቸው። አንድ ዓይናቸውን በእጃቸው ሸፈኑ፣ አዩ። ቀየሩና በሌላኛው አዩ። መልሰው ቀየሩ።

"በዚህኛው አረንጓዴ ነው" አሉ፣ ገና ያልታከመውን እየጠቆሙ። "በዚህኛው ደግሞ ባሕር ነው። ይሄን እኔ ነኝ 'ይለፍ' ያልኩት?"

"እርስዎ ነዎት።"

"እናንተስ ዝም አላችሁ?"

"እርስዎ ካሉ ልክ ነው ብለን ነው።"

ዓይናቸውን የሸፈኑበትን እጅ አወረዱና "እሱ ነው ችግሩ" አሉ። ከዚያ ወዲያ ስለሱ አላወራንም። ሁለተኛው ዓይናቸውም በጊዜው ታከመ። ቀለሙን መልሰው እንዲይዙ ናቲ ጠይቋቸው ነበር፤ "ግራጫው ይሻለኛል፤ ቀለሙን ሰላም ለምዳዋለች" አሉ። ጌሙ እስኪወጣ ድረስ አብረውን ሠሩ።

አሁን እኔ የአንድ ሥዕል ክፍል ኃላፊ ነኝ፤ "ይለፍ" የምለው እኔ ነኝ። ለአዲስ ገቢዎች የምነግራቸው አንድ ነገር ነው። ዓይን ቀስ በቀስ ሲለወጥ ባለቤቱ አያውቅም፤ መሬቱ እንደዚያ ነው ብሎ ነው የሚያስበው። ስለዚህ ቀለምን አንድ ሰው ብቻውን አያጸድቅም። የኃላፊውን ሥራ ሌላ ሰው ያየዋል፣ ልዩነት ካየም ያን ዕለት ይናገራል። በኛ ክፍል ይህ ደንብ ነው፤ የሚጀምረውም ከኔ ሥራ ነው።